በመርዶ የቀለድኩ ጊዜ

ሀርጌሳ ውስጥ ቀን ቀን ግድግዳ እለስናለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ እዚህ ላለነው ሐበሾች ቴሌግራም ላይ ቀልድ እጽፋለሁ። «ክርስቲያን ሆነህ በዚህ ጊዜ ትቀልዳለህ?» የሚሉኝ አሉ። አገር ቤት ጦርነት ነው፤ መንገድ ተዘግቷል። ስልክ የሠራ ቀን ግን ሁሉም «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ታዲያ በዚህ ካልቀለድኩ በምን ልቀልድ?

በሁዳዴ አንድ ቀልድ ጻፍኩ፦ «ሐበሾች በማለዳ ተሰብስበው በርህን ካንኳኩ አትክፈት፤ ሰርግ ሊጠሩህ አይደለም።» መርዶ የሚረዳው እንዲያ ስለሆነ ለሁሉም ገባው። በዚያው ሳምንት እሁድ በተከራየናት ክፍል ለጸሎት ስንገናኝ፣ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የሰፈሬ ልጅ ቀልዱን አንስታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ኮራሁ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ በማለዳ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሁሉም ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ያቺ ልጅ ከፊት ናት። እናቴ ከሞተች አርባዋ አልፎ ነበር። ቀልዴን ሲያነቡ ሁሉም ያውቁ ነበር።

«ፋሲካን በሐዘን እንዳትውል ብለን ነው» አሉኝ።

እነሱን ይቅር ብያለሁ፤ ወጋችን ነው። ከእግዚአብሔር ጋር ግን ገና አልጨረስኩም። ጾሙን ሙሉ እየሰገድኩ «እናቴን ጤና ስጥልኝ» ስለው ዝም ብሎ ሰማኝ። እሱም እንደነሱ ደበቀኝ።