ቆፍረው መልሰው የሚቀብሩት ሴትዮ

ባለፈው ሳምንት ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ከባቡር ስወርድ፣ መንገድ የሚጠግኑት ሠራተኞች ያቆሟት ሰማያዊ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት በሯ ተከፍቶ ነበር። ያ ሎሚ ሎሚ የሚል የኬሚካል ሽታ፣ ከሥሩ ሌላውን ሽታ ይዞ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ምራቄ መረረኝ። አጥሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። አንቺ ሁልጊዜ ከባሕር የወጣ ነገር ለምን እንደማልበላ ትጠይቂኛለሽ። ዛሬ ልንገርሽ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ እየተማርኩ፣ ሁለት ሰመር ከሲያትል ቱሪስት በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ሠራሁ። የምንሄደው ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ነበር። በዙሪያዋ ያለው ባሕር በሕግ የተጠበቀ ስለነበር መረብ መጣልም ክላም መቆፈርም ክልክል ነው። ክላም አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ዛጎል ለባሽ ፍጥረት ነው፤ የደሴቷ ሰዎች ድሮ የሚኖሩት እሱን ለቅመው እየሸጡ ነበር።

ሕጉ ክፉ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ባለ ትልልቅ ማሽኖች መጥተው የባሕሩን ወለል ጠራርገውት ስለሄዱ ክላሙ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። የጥብቁ ቦታ ጠባቂ ወጣት ሴት ነበረች። ባሕሩ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ከዳርቻው ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበርክካ በጣቶቿ ትፈትሻለች፤ እኔን ስታይ ቀና ብላ፣ ከስደት ስለሚመለስ ዘመድ እንደምታወራ፣ «እየተመለሱ ነው» ትለኝ ነበር።

የሚያስጠላው ሌላው ነበር። እዚያው ደሴት ተወልደው ያረጁ አንድ ሴትዮ ነበሩ። እናታቸውም እሳቸውም በዚያ ዳርቻ ክላም ሲቆፍሩ ኖረዋል። ሕጉ ከመጣ በኋላ የኛ ድርጅት ለቱሪስት ማሳያ ቀጠራቸው። ጀልባው ሲደርስ አጭር መንሻቸውን ይዘው ይጠብቁናል። አሸዋውን ሁለቴ ወጋ አድርገው አንድ ክላም ያወጣሉ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ አንዳንዱም ክላሙን ተቀብሎ ወደ ጉንጩ ያስጠጋል። ከዚያ ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሰው ይቀብሩትና አሸዋውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። በቀን ሦስት ጊዜ። አንድም ቀን ፈገግ ሲሉ አላየሁም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ የክላም ሾርባ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው «ከዚሁ ከደሴታችን፣ ዛሬ ጠዋት የተለቀመ» ይላል። ክላሙ ግን ከኦበርን ከተማ መጋዘን በካርቶን የሚመጣ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ በረዶ ነበር። እኔም እየሳቅሁ እቀዳለሁ።

በሁለተኛው ሰመር ጠባቂዋ አንድ ሐሳብ አመጣች። ከደሴቷ በስተምሥራቅ ያለችው ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ለደሴቷ ሰዎች ብቻ ትከፈት፤ በእጅ ብቻ፣ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ይልቀሙ አለች። ድርጅታችን ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ የጀልባ ማቆሚያ መሥራት ይፈልግ ነበር። ከቆሸሸ ውሃ የወጣ ክላም አይበላምና፣ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ውሃው ይመርመር ተባለ።

በዚያው ሰሞን ጉዞው በዝቶ ጀልባው ሆድ ውስጥ ያለው የሽንት ቤት ቋት ቶሎ ቶሎ ይሞላ ጀመር። ሕጉ ሲያትል ወስዶ ማስመጠጥ ነው፤ እሱ ግን ወረፋ አለው። አንድ ቀን ወደ ወሽመጧ ስንቃረብ ካፒቴኑ ጠራኝ።

«ታች ውረጂና የቋቱን ቫልቭ ክፈቺው።»

«እዚህ?»

«ባሕር ትልቅ ነው። ኦኬ?»

ወረድኩና ከፈትኩት። ብረቱ ለብ ያለ ነበር። መጀመሪያ ጉርጉር የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ያ ሽታ መጣ። በትንሿ መስኮት ሳይ አረንጓዴው ውሃ ላይ የኬሚካሉ ሰማያዊ ደመና ሲሰፋ ይታያል። እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቤ ወጣሁና ሾርባ ቀዳሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ የኔ ሥራ ሆነ። ሲጠራኝ ለምን እንደጠራኝ እንኳ አልጠይቅም ነበር።

የምርመራው ውጤት የወሽመጧ ውሃ በሽንት ቤት ቆሻሻ ተበክሏል ብሎ መጣ።

በደሴቷ የእንጨት አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ድርጅቱ ብስኩትና ሎሚናት እንዳድል ላከኝ። ካፒቴኑ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ተነሣና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ማንንም መውቀስ አልፈልግም» አለ። «ግን የድሮ ቤቶች የሽንት ቤት ጉድጓድ ያው እንደምታውቁት ነው።» ለወሽመጧ የሚቀርበው ቤት የሴትዮዋ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ሴትዮዋ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። «የምበላበትን ሳህን አላቆሽሽም» ብለው ተቀመጡ።

እኔ ከኋላ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ካፒቴኑ ንግግሩን ሲጨርስ ውሃ ጠማው መሰለኝ፣ በእጁ ጠቀሰኝ። ሄጄ ብርጭቆ ሰጠሁት። «ቴንክ ዩ» አለኝ። እስከ ዛሬ ከቫልቩ ይልቅ ያ ብርጭቆ ነው የሚያቅለሸልሸኝ።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ጉድጓዳቸውን አስቆፍረው እንዲያስመረምሩ ታዘዙ። ማሽን ገብቶ ግቢያቸውን ገለበጠው።

አብሬያት የምኖረው አክስቴ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ነገርኳት። «ሶ አንቺን ምን አገባሽ? ያዘዘሽ እሱ» አለችኝ መጀመሪያ። ስለ ግቢው ስነግራት ግን ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ያንቺን ቆሻሻ እሳቸው ተሸከሙት ማለት ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«በይ አሁኑኑ ለጠባቂዋ ኮል አድርጊላት። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ደውዬ ሁሉንም ለጠባቂዋ ነገርኳት። ከዚያ «መቼ መቼ እንደከፈትሽው ታስታውሻለሽ?» አለች። አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እርሳሷ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። አክስቴ እስከ መጨረሻው ክንዴን ይዛ ነበር።

ሥራዬን አጣሁ። ካፒቴኑ ተባረረ፣ ድርጅቱም ተቀጣ። በሚቀጥለው ሰመር ያው ጀልባ ሌላ ቀለም ተቀብቶ፣ ሌላ ስም ተጽፎበት ሰው ሲጭን አየሁት። ወሽመጧ ግን ውሃው እስኪጠራ ተብሎ ሦስት ዓመት ተዘጋች። ኋላ እንደታሰበው ለደሴቷ ሰዎች ተከፈተችና እስከ ዛሬ በእጃቸው ይለቅማሉ፤ ጀልባም ወደዚያ አይጠጋም። ጠባቂዋ ልክ ነበረች።

ሴትዮዋ ግን አልደረሱበትም። ጉድጓዳቸው ተመርምሮ ምንም እንከን አልተገኘበትም፤ ግቢው ግን እንደተገለበጠ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ ጭቃውን አልችለው ብለው ታኮማ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

አድራሻቸውን ከጠባቂዋ ተቀብዬ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ልጃቸው በር ከፈተችልኝ። ሴትዮዋ ፓርኪንግ በሚያሳይ መስኮት አጠገብ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጥፍሮቻቸው ከአሸዋው ጠርተው ነጭ ሆነዋል፤ መጀመሪያ እሳቸው አልመሰሉኝም።

«ቫልቩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ» አልኳቸው ሳልቀመጥ። «ስብሰባው ላይም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ ሂጂልኝም አላሉኝም።

«ዛሬ ባሕሩ የሚሸሸው በስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

አላውቅም ነበር። ልጃቸው ኮምፒዩተር ከፍታ አየችና ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ነገረቻቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለልጃቸው ወይም አጠገባቸው ላለች ለማላያት ሰው እንጃ፣ «ገና ጊዜ አለን» አሉ። «ቦቲሽን አድርጊ። የዳርቻው ድንጋይ ያንሸራትታል።»