ድንጋይ ለመጎተት የመጣው ጎረቤት

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ታክሲ ስጠብቅ የሬንጅ ሽታ አወደኝ። መንገድ ጠጋኞች በበርሜል እያፈሉ ነበር። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ምን ይሉኝ ሳልል ቆሜ ማግኩት። አባቴ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አቃቂ ላይ የባቡር ሃዲድ ጠጋኝ ነበር። ሃዲዱ የሚያርፍበት እንጨት ሬንጅ ይቀባል፤ ያ ሬንጅ ከእጁ አይለቅም። ከባዱን ብረት ሲያነሱ አውጪው እሱ ነው፤ እሱ በዜማ ያወጣል፣ ጓደኞቹ እየተቀበሉ እኩል ያነሱታል። ዛሬ ያንን ሃዲድ ሣር ውጦታል። እኔ ደግሞ፣ ምን እዋሽሃለሁ፣ ለክፍል ጓደኞቼ "አባቴ ትኬት ቆራጭ ነው" ብዬ ነበር። ትኬት ቆራጭ ኮፍያ አለው እኮ።

ይህን በዋሸሁበት ዓመት የታሪክ አስተማሪያችን ገና ወጣት ነበረች። "የጥንት አክሱሞችን ኑሮ በእጃችሁ ነው የምትማሩት" ብላ ከክፍል አወጣችን። በጭቃ ሳንቲም ሠራን፣ በወፍጮ ድንጋይ ገብስ ፈጨን። ዩኒፎርማችን ዱቄት በዱቄት ሆኖ ደወል ሲደወል እንኳ አንሰማም ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተማርኩበት ጊዜ የለም። በመጨረሻ "እንደ እነሱ ሐውልት እንጎትት" አለች። ሜዳው ጥግ ከግንባታ የተረፈ ረጅም ድንጋይ ነበር፤ ከሥሩ ድቡልቡል እንጨት እያስገባን፣ በገመድ ስበን፣ ባንዲራው ጋ ልናደርሰው ነው።

አልነቃነቅ አለ። ወንዶቹ ጉልበታቸውን ለማሳየት ይሻማሉ፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ያርፋል። ሁለት ቀን ሙሉ እርስ በርስ እየተደራረብን ወደቅን። ዲሬክተሩ መጥተው አዩንና፣ "ነገ ካልተንቀሳቀሰ ወደ መጽሐፋችሁ ትመለሳላችሁ" አሉ። ቲቸር ፊቷ ልውጥ አለ። "ከባድ ነገር መጎተት የሚያውቅ ሰው የላችሁም?" ብላ ጠየቀችን።

እኔ አለኝ። ግን እጄን ባወጣ ውሸቴም አብሮ ሊወጣ ነው፤ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። ቤት ስገባ አላስችል አለኝና ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፣ ከትኬት ቆራጩ በስተቀር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓቱ ከነሥራ ልብሱ ትምህርት ቤት መጣ። በሩ ላይ የጫማውን አቧራ አራገፈ። ከወንዶቹ አንዱ እሱንና እኔን እያፈራረቀ አየና፣ "ቁርጥ አንቺን! አባትሽ ትኬት ቆራጭ አይደሉ እንዴ?" አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ።

"አባቷ ሥራ ላይ ነው" አለ ረጋ ብሎ። "እኔ ጎረቤታቸው ነኝ።"

ከዚያ ገመዱን በተራ አስያዘን። "ጉልበታችሁን ተዉት፤ እኔን ስሙ" አለና ማውጣት ጀመረ። እሱ "ሆ በሉ" ሲል እኛ "ሆ" እያልን በአንድ ትንፋሽ ሳብን። ድንጋዩ ሲጥጥ አለና በእንጨቶቹ ላይ ተንሸራተተ። ባንዲራው ጋ ስንደርስ ዲሬክተሩ ሳይቀሩ ከኋላችን "ሆ" ይሉ ነበር።

"ይህንን መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም" አለች ቲቸር እያለከለከች። "እግዚአብሔር ይስጥልን። ማን ልበልዎት?"

አባቴ አጎንብሶ ገመዱን መጠቅለል ያዘ።

"አባቴ ነው" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። "ትኬት ቆራጭ አይደለም። ሃዲድ ጠጋኝ ነው።"

ማንም አልሳቀብኝም። ቲቸር በሁለት እጇ ጨበጠችው።

ከሥራ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቆ ወሰደኝ። ስለ ውሸቴ አንዲት ቃል አላነሳም። የሃዲዱን ዳር ይዘን ስንሄድ፣ "እነዚያ አክሱሞች" አለ፣ "አውጪያቸው ማን ይባል ነበር?"

"አልተጻፈም፣ አባዬ።"

ትንሽ እንደሄድን እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

"የእሱ ልጆችማ ያውቁት ነበር" አለ።