ለቁም ተዝካሬ ጥሪ የወጣሁበት መንገድ

መጀመሪያ ያየሁት በማኪናዬ መስታወት ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሰው ጭኜ ልነሳ ስል፣ አንገቴ በግራ በኩል አብጧል። አያምም። ሃያ ስምንት ዓመት ነድቼ አንድም ቀን ያልገለበጥሁ ሰው ነኝና፣ «ይቺ ደግሞ ምን ታመጣለች!» ብዬ ተውኋት። ሁለት ወር ሙሉ ተውኋት። ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ሱሪዬም ከወገቤ አልቆም ሲል ነው ሆስፒታል የሄድሁት።

ከእብጠቱ ቆንጥረው ለምርመራ ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱ መጣ። ሊምፎማ፤ የካንሰር ዓይነት ነው። ሐኪሟ «የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው። ስድስቱን ዙር ኬሞቴራፒ ግን መጨረስ አለብዎት» አለችኝ።

ሁለት ዙር ወሰድሁ። ጸጉሬ ረገፈ። አፌ ቆሰለ። ውኃ እንኳ አልወርድ አለኝ። የሦስተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ቀረሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነው። ለሰው ግን «የቁም ተዝካሬን አውጥቼ በክብር እሄዳለሁ» አልሁ። በአገራችን ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞተ በኋላ የሚደገስለትን ተዝካር በቁሙ ራሱ ደግሶ ያበላል። እኔም ልጅ የለኝም።

የእህቴ ልጅ ሰብለ ፊልም ትሠራለች። ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች። ቆይታ ደግሞ «እንግዲያው አያ፣ ለተዝካርህ ሰው ስትጠራ ልቅረጽህ። ሸጋ የሚያስቅ ፊልም ይወጣዋል» አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር በሚኒባስ ወደ ሰሜን ወጣን። እኔ እያለሁ ማን ይነዳል! በየመንደሩ መስኮት አውርጄ «ተዝካሬ ነው፣ እንዳትቀሩ!» ስል ሰዉ ያማትባል። አንዱ ገበሬ «ምነው፣ መቼ ሞትህ?» አለኝ። «ገና ነኝ፤ ቀን እየቆረጥሁ ነው» አልሁት። ከታመምሁ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ፣ ለፊልሙ ሙሾ እንድታወርድልኝ እትዬ የሻረግ የምትባል ስመ ጥር አልቃሽ አስጠራን። አልቃሽ የምታወድሰውን ሰው ሥራ አስቀድማ ትጠይቃለች፤ ሰብለም ሁሉን ነገረቻት፣ ሕክምናውን ማቋረጤን ሳይቀር። እትዬ የሻረግ መቀነቷን ሸብ ልታደርግ የጀመረችውን ተወችው።

«እኔ የማለቅስ ለጎበዝ ነው። መርፌ ፈርቶ ለተደበቀ ምን ብዬ ላውርድ? ሂድ፣ ጨርስ! መድኃኒቱ እምቢ ካለህ ያን ጊዜ አገር የሚያላቅስ ሙሾ አለኝ» አለችኝ።

ካሜራው ይቀርጻል። ሰዉ ያያል። ደሜ ፈላ። እሷ ግን እውነቷን ነበር። ተዝካሩን ትቼ ማኪናዋን ወደ ጎንደር አዞርሁ።

ሐኪሟ ተቆጣችኝ፤ «ጊዜ አባክነናል፣ አሁኑኑ እንቀጥል» አለች። ከዚያ በኋላ ሰብለ አጥሚት እያጠጣች፣ ነርሶቹ ክንዴ ላይ ደም ሥር ሲያጡ «ይቅርታ አባባ» እያሉ፣ የቀሩትን አራት ዙሮች አንድ በአንድ ጨረስሁና ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ሐኪሟ ውጤቱን ደግማ አይታ «ዕጢው አይታይም፤ ክትትሉን ግን እንዳያቋርጡ» አለችኝ። ወንበሩ ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ፊልሙ በቅርቡ ጎንደር ታየ። እትዬ የሻረግ ስትቆጣኝ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም ከጎኔ ተቀምጣ «አበጀሁ!» ትላለች። መብራቱ ሲበራ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ኮራሁ፣ ምን ልደብቅ!

ሐኪሟን፣ ነርሶቹን፣ ሰብለን እግዜር ይስጥልኝ። ያችን ምላሰኛ አልቃሽም ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተ ደግሞ እብጠት ካያችሁ እንደኔ አትተዉት። ጸበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ውሰዱ። አትፍሩ አልላችሁም። እኔም እነዚያን አራት ዙሮች የሄድሁት እየፈራሁ ነው።