ያልደረቀው የአያት ቅርስ

ጎረቤቴን የሰፈሩ ሰው «ዝገቴ» ይለዋል። ግድግዳ ሲቀባ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የቤት ዕቃ ያስረጃል። የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን የሥዕል ፍሬም፣ እጁ የገባውን መጀመሪያ ጥቁር ይቀባዋል፤ ሲደርቅ በስፖንጅ የመዳብ ቀለም ጠቅ ጠቅ ያደርግበታል፤ በመጨረሻ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ አረንጓዴ ይጨምርና ዕቃው በሦስት ቀን የመቶ ዓመት ነሐስ ይሆናል። እኛ ይህን መልክ ለማግኘት ሰባ ዓመት ለፍተናል።

«እኔን ብቻ እንዳትቀባኝ» ትለዋለች ሚስቱ።

«አንቺማ ምን ቀለም ያስፈልግሻል» ይላታል። የዚያን ቀን ራቱን ራሱ ያቀርባል።

የልጃቸው እጮኛ ከወላጆቹ ጋር ለትውውቅ ሲመጣ ግን ይህችው ሚስት አዲሱን የአበባ ማስቀመጫ ጠረጴዛው መሀል ጎለተችው። እኔም እንደ ጎረቤት ተጠርቼ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ ጠዋት ለምናት ነበር፤ «እማዬ፣ አባቱ ብረት ሠራተኛ ነው። አንድ ውሸት ከያዘብን እኔንም አያምነኝም።»

«ከአያቴ የወረስኩት ነው» አለች እናት፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እንግዳው፣ የልጁ አባት፣ ከባድ መስሎት በሁለት እጁ ብድግ ሲያደርገው አገጩን ሊመታው ምንም አልቀረው። ቀስ ብሎ አስቀመጠና መዳፉን አየ። አረንጓዴ ሆኗል።

«አያትዎ መቼ ነው ያረፉት?»

«ኧረ ድሮ ነው።»

«ዕቃቸው ግን ገና አልደረቀም።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ መምሰልና ስለ መሆን አራት ዓመት ተከራክረናል፤ ነገሩ በመዳፍ እንደሚጣራ የነገረን መምህር አልነበረም።

«ፕላስቲክ ነው» አለ ዝገቴ። «ትናንት ነው የቀባሁት። ልጃችን እንዳንዋሽ ለምናን ነበር፤ እሷ የለችበትም።»

እንግዳው መዳፉን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አርባ ዓመት ዝገት ስፈገፍግ ኖሬ፣ ባላነሳው ኖሮ ተሸውጄ ነበር። አረንጓዴውን እንዴት አመጡት?»

«ሰማያዊ፣ ትንሽ ቢጫ፣ የተነፋ አመድ። ላሳይዎት?»

ሁለቱ ወደ ጓሮ ወጡ። የሠርጉን ቀንና የወንበሩን ብዛት እናቶቹ ብቻቸውን ጨረሱት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጅቷ በመስኮት ብታይ፣ የእንግዳው ኮት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ እጅጌውን ጠቅልሎ ስፖንጅ ይዟል። «አትጫነው ሰውዬ፣ ልስን መሰለህ እንዴ?» ይለዋል አባቷ።

«ልጥራቸው?» አለ እጮኛዋ።

«ተዋቸው» አለችው። «ከገቡ እንደገና እንግዳ ይሆናሉ።»