ሞራ የተቀባችው መኪናዬ

ዛሬ ረፋድ ላይ የጎረቤት ውሻ የመኪናዬን በር ሲልስ አገኘሁት!

የሰፈራችን መንገድ ነጭ የወገዳ ድንጋይ አቧራ ቀለሟን እንዳይበላው ብዬ፣ ከገበያ «ኦሪጅናል የመኪና ሰም» ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ አጥቤ ቀባኋት። ሽታው ቢከብደኝም የኬሚካሉ ነው ብዬ መቀባቴን ቀጠልኩ።

ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ገማ። ለካ የከረመ ሞራ ነው! ኮፈኑን ዝንብ ወረሰው።

ለቅዳሴ ላደርሳቸው የቀጠርኳቸው ጎረቤቴ መምሬ መጥተው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ልጄ፣ በሁዳዴ ምን አርደህ ነው?»

«ኧረ መምሬ፣ ሰም ነው ብለው ሸጠውልኝ ነው!»

«እንግዲያስ በእግሬ ልሂድ። ይህን ሸትቼ መቅደስ አልገባም።»

ሄዱ። እኔም አፈርኩ።

በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ ባጥባትም አልለቅ አለ። እጄ አሁንም ይገማል፤ የበላሁት ሽሮ እንኳ ሞራ ሞራ አለኝ። ሞራ በቆርቆሮ አሽጎ የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት ሆድ አለው? ቱ!

እናንተስ እንዲህ ያለ ጉድ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ሽታውን በምን አስለቀቃችሁት?