ቆጣሪው ይፍረድ

ሥራ ይዤም አብነት ሰፈር እናቴ ቤት ነበር የምኖረው። የመብራት ካርዳችን ባለቀ ቁጥር እናቴ የምትወቅሰው ቲቪ ላይ ሰክቼ የምጫወትበትን ጌሜን ነው። "ያ ነገርህ ጨረሰው" ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በቃኝ አልኩ። ፍሪጁን ሳይቀር ሁሉንም ነቅዬ ጌሜን ብቻ ከፈትኩና እናቴን ቆጣሪው ፊት አቆምኳት። ፍጆታ የምታሳየው ቀይ መብራት ቀስ እያለች ብልጭ ትላለች። ከዚያ ጌሜን አጥፍቼ የኤሌክትሪክ ስቶቩን ሰካሁ። መብራቷ ፋታ አጣች።

"አየሽ?" አልኳት፣ ልደታ ፍርድ ቤት የረታሁ ይመስል።

እናቴ ምንም አልመሰላትም። "ስቶቩ የሚያበስለው ለአምስታችን ነው። ያንተስ?"

ልክ እንደነበርኩ ዛሬም እከራከራለሁ። ካርዱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሞላው እኔ ነኝ።