የጃለታ ደም

ሱሉልታ ውስጥ የዱርሲቱን ወተት ያልቀመሰ ሰው አልነበረም። ያኔ ላሞቿ ይግጡበት የነበረው ለምለም መስክ ዛሬ የብሎኬት ማምረቻ ሆኗል። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት ሁለቱን ልጆቿን፣ ፌኔትንና ጃለታን፣ በዚያ ወተት አሳደገች።

ጃለታ አምስት ዓመት ሲሞላው ከመሬት የሚነሳው ጭኑን በእጁ እየገፋ ሆነ። በአሥር ዓመቱ መራመዱን ተወ። ሁለቱ የዱርሲቱ ወንድሞችም በልጅነታቸው እንዲሁ አልጋ ላይ ቀርተው ስለነበር፣ ሰፈሩ «የእናቱ ዘር ነው» ብሎ ፈረደ። ጎረቤቶቿም ወተት ከሌላ ቤት መግዛት ጀመሩ።

አዲስ አበባ ያለችው ሐኪም አልዋሸቻትም። «ጡንቻን የሚያከሳ የዘር በሽታ ነው። ውጭ አገር የተበላሸውን ዘረመል ለማረም እየሞከሩ ነው። ለጃለታ ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን ብልሽቱ የቱ ላይ እንደሆነ ሳይታወቅ ምንም አይታረም። ደሙ ይመርመር።»

ወሬው ኦቦ ኩምሳ ጆሮ ገባ። ፌኔት የታጨችው ለወንድማቸው ልጅ ነበር። በማግስቱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። የቀረበላቸውን ወተት ሳይቀምሱ መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ስሚ ዱርሲቱ፣ ምርመራው ይቅር።»

«ምነው ኦቦ?»

«እስካሁን ሐሜት ነው። ሐኪም ካረጋገጠው ግን ልጃችን ምን ብሎ ያገባታል? ደግሞ ዋቃ የፈጠረውን ሊያርሙ! ለላም እንደሚያስመጡት የፈረንጅ ዘር መሰላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠው ጃለታ ጣልቃ ገባ።

«የእርስዎ ላሞችስ በዚያው ዘር አይደል ወተት የጨመሩት?»

«ዝም በል! እግርህ ቢያቅተው ምላስህ ይሮጣል!»

ዱርሲቱ አንዴ ወንድ ልጇን፣ አንዴ ሴት ልጇን አየች። ፌኔት ግን ጎንበስ ብላ ዋንጫውን አነሳች።

«እርስዎ ካልጠጡት ጥጃው ይጠጣዋል። ነገ ወንድሜን ለምርመራ አዝዬ የምወስደው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው በራችንን እንዳትረግጪ!» አሉና ኦቦ ኩምሳ ብድግ ብለው ወጡ።

በነጋታው ጃለታን አዝላ ወደ ታክሲው ስትወርድ እጮኛዋ በራሱ ቤት ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። አይቷት ወደ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ።

«ከበድኩሽ እንዴ?» አለ ጃለታ።

«ዝም በልና አንገቴን አጥብቀህ ያዝ።»